ሁከት ይወገድልኝ

እንዝርት ብለው ስም ያወጡላት አባቷ ናቸው። ከልጅነቷ ጀምሮ ቁጭ ብሎ መብላት አይሆንላትም ነበር፤ "አረፍ በይ" ሲሏት ወንበሩን እየዞረች ታወራለች። አርባ ሁለት ዓመት ሞልቷትም ያው ናት። ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ካውያ ተኳሽ ሆና ስትሠራ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ሸሚዝ ከአንገትጌው ጀምራ፣ ወደ ትከሻው ወርዳ፣ እጅጌውን ገልብጣ፣ በአራት ደቂቃ ትጨርሳለች። አጠገቧ የምትሠራው አጣጣፊ "እንፋሎቱ የሚወጣው ከካውያው ነው ወይስ ካንቺ?" እያለች ትቀልድባታለች።

አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት የሕዝብ አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው። ጡረታ በወጡ በአራተኛው ዓመት ስኳር ግራ እግራቸውን ከጉልበት በታች አስቆረጣቸው። ከሆስፒታል በዊልቸር ሲመለሱ አልተንገበገቡም። "እንኳን እግሬን፣ ፍሬን የሌለው አውቶቡስ ይዤ ቁልቁለት ወርጃለሁ" ነበር ያሉት። ያንገበገባቸው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

ቤታቸው ሁለት መውጫ አለው። የፊቱ በር ወደ ዋናው መንገድ የሚያወርድ አሥራ አንድ የድንጋይ ደረጃ አለበት። የኋላው በር ደግሞ ሜዳ ለሜዳ በሆነች ጠባብ መተላለፊያ በኩል የታችኛውን መንገድ ያገናኛል። በዚያች መተላለፊያ እነሱም ጎረቤቶቹም ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲመላለሱባት ኖረዋል። አባትየው ከሆስፒታል የገቡት በዚያው ነው። ከገቡ ሳምንት ሳይሞላ ግን ጎረቤታቸው የሆነው ቆርቆሮ ነጋዴ በያጅ አስመጥቶ መተላለፊያዋ ላይ የብረት በር ገጠመባት፣ ቆለፈባትም። ከበሩ ወዲህ፣ በአባትየው መኝታ ቤት መስኮት ልክ ደግሞ ቆርቆሮውን ከመረበት።

እንዝርት የዚያኑ ዕለት ሄደች። "ጋሼ፣ አባቴ በየት ይውጡ?"

"ቦታው የኔ ነው እናቴ፤ ካርታ አለኝ። ዕቃ እየተሰረቀብኝ ነው፤ ምን ላድርግ?" አለ፤ ፊቷን እንኳ ሳያይ።

"ቁልፉን ይስጡን እሺ።"

"እናያለን።"

እናያለን ያለው ዓመት አለፈው። የሰፈር ሽማግሌ ለመነው፤ "እናያለን" አለ። ጠበቃ ዘንድ ሄደች፤ ጠበቃው የጠራላት ዋጋ ደግሞ ከወንበሯ አስነሣት፤ ድሮም ብዙ አልተቀመጠችም። አባቷን ለሐኪም ቀጠሮ ከአንድ ጎረቤት ጋር ተሸክማ በፊት በር ስታወርዳቸው ሰባተኛው ደረጃ ላይ እግሯ ከዳት፤ ሦስቱም ተያይዘው ወደቁ። የከፋ ጉዳት አልደረሰም፤ አባትየው ግን ከዚያን ቀን ወዲህ "እንደ ጆንያ ተሸክማችሁኝ አልወጣም" ብለው እምቢ አሉ። ሐኪሙም መምጣት ሲችል ብቻ ቤት ድረስ ይመጣላቸው ጀመር። አገር ለአገር ሲዞሩ የኖሩት ሰውዬ ከኋላ በር ደፍ እስከ ፊት በር ደፍ ዊልቸራቸውን እየነዱ መመላለስ ያዙ። ጎማው ወለሉ ላይ ሲንቋቋ እንዝርት ካውያዋ ጋ ሆና ጭምር የሚሰማት ይመስላት ነበር።

አጣጣፊዋ ናት አንድ ቀን በምሳ ሰዓት "ለምን ራስሽ አትከሺም?" ያለቻት።

"እኔ? በምን አፌ?"

"እኔስ በምን አፌ ነበር? የልጄ የትውልድ ዘመን ተሳስቶ ስንት ዓመት አሰቃየኝ! በመጨረሻ ከስልኬ ላይ አንብቤ፣ ፎርሙን ሞልቼ፣ ፍርድ ቤት ቆሜ አስተካከልኩት። የሕግ መምህራንና ተማሪዎቻቸው የሚያዘጋጁት ድረ ገጽ አለ። ሰው በሚገባው አማርኛ ነው የተጻፈው።"

እንዝርት ስልኳን አወጣችና "ጎረቤት መንገድ ዘጋብኝ" ብላ ጻፈች። መጀመሪያ የመጣላት እጁን እያወናጨፈ የሚጮህ ሰው ቪዲዮ ነበር፤ ሕጉን ሳይናገር ስልክ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ተናገረ። ቀጥሎ ሰዎች የሚወያዩበት ቦታ አገኘች፤ አንዱ "ካርታ ካለው አርፈሽ ተቀመጪ" ብሎ ለሌላዋ ሴት መልሶላታል። ሦስተኛው ግን አጣጣፊዋ ያለቻት ገጽ ነበር። ርዕሱን ስታይ ሳታስበው ሳቀች። "ሁከት ይወገድልኝ" ይላል። ሆዷ ውስጥ ያለውን ማን ነገራቸው?

ቆማ፣ በግራ እጇ ስልክ በቀኝ እጇ ካውያ ይዛ አነበበች። ሰው ሲገለገልበት የኖረውን ነገር ሌላው በጉልበት ሲያደናቅፍበት ሁከት ይባላል ይላል። በዚህ ዓይነት ክስ ጥያቄው ቦታው የማን ነው የሚል እንዳልሆነ፣ ማን ሲገለገልበት ነበር የሚለው እንደሆነ ይገልጻል። ካርታም ቢኖር ባለቤት ነኝ ባይ በገዛ ጉልበቱ መዝጋት አይችልም። እንዝርት ይህቺን መስመር አራት ጊዜ አነበበቻት። ቀጣዩ መስመር ላይ ስትደርስ ግን ካውያው ባለበት ቆመ። ክሱ ሁከቱ ከተፈጠረ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ተቀባይነት የለውም ይላል።

በጣቷ ቆጠረች። በሩ ከተገጠመ ሃያ ሁለት ወር ሊሞላ ነው።

"ኧረ ተቃጠለ!" አለች አጣጣፊዋ። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የደንበኛ ሸሚዝ ላይ የካውያ ቅርጽ ቀረ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንዝርት ባሰባት። ታክሲ ውስጥ ታነባለች፤ ሽንኩርት እየከተፈች ታነባለች፤ "ይርጋ ማለት ምን ማለት ነው?" ብላ ራሷን ጠይቃ፣ በገጹ መዝገበ ቃላት ፈልጋ፣ ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ ሲያልፍ መሆኑን አግኝታ፣ ተደናግጣ ታነባለች። ከገጹ ግርጌ ሁልጊዜ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ "ይህ መረጃ እንጂ የሕግ ምክር አይደለም" የምትል። እሷን ባየች ቁጥር "ታዲያ ምክሩን ማን ይስጠኝ?" እያለች ከስልኩ ጋር ትጣላለች።

አቤቱታውን በሁለት ቀን ጻፈችው። ዘጠኝ ገጽ ሆነ። ነጋዴው አምላክን የማይፈራ መሆኑን፣ አባቷ ለአገሩ ሕዝብ የዋሉትን ውለታ፣ ደረጃው ላይ የወደቁበትን ቀን፣ እሷ ያለቀሰችውን ለቅሶ ሁሉ አስገብታበታለች። ለአባቷ አነበበችላቸው። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰሙና ወረቀቱን ከእጇ ወሰዱ።

"ምን ሆኑ አባባ? አልወደዱትም?"

"እኔ አደጋ ሲደርስብኝ ሪፖርት እጽፍ ነበር" አሉ። "'ባለጌ ሹፌር ገጨኝ' ብዬ አልጽፍም። 'በግራ በኩል፣ ሳያበራ፣ በዚህ ሰዓት ገባ' ነው የምጽፈው። ስድቡን አለቃዬ ራሱ ይጨምርበታል።"

ገጹም ያው ነበር የሚለው፤ የተሰማዎትን ሳይሆን የሆነውን ይጻፉ ይላል። እንዝርት እያንዳንዷን መስመር ስትሰርዝ ጥርሷ እንደሚነቀል ያህል አመማት። አባቷ ግን ጨካኝ አራሚ ሆነው ተገኙ፤ "ይኼ ውጪ፤ ይኼም ውጪ" እያሉ አንድ ገጽ ተኩል አደረሷት።

መዝገብ ቤት ስትሄድ ሠራተኛው ወረቀቷን ገለጥ ገለጥ አድርጎ መለሰላት። "እህቴ፣ ይኼ ፎርም ድሮ የቀረ ነው። ቃለ መሃላ የለውም፤ የምስክሮችሽም አድራሻ የለም። ከየት አመጣሽው?"

ፎርሙን ቸኩላ ከሌላ ቦታ ነበር ያወረደችው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ወደ ቤት ስትመለስ መንገዱ ሁሉ ስንት ቀን እንደቀራት ይቆጥርባት ነበር። አዲሱን ፎርም ከትክክለኛው ገጽ አውጥታ ሞላች። ምስክር እሆናለሁ ያላት ጎረቤት ደግሞ ጧት ላይ በሩን በግማሽ ከፍቶ፣ "ነገ ተነገ ወዲያ አብረን የምንኖር ነን፤ እኔን ተይኝ" ብሎ አፈገፈገ። በልቧ "ጅብ ከሄደ በኋላ ትጮኻለህ" እያለች ወደ ሌላው ሮጠች። በመጨረሻ መተላለፊያዋን አርባ ዓመት ሲመላለሱባት የኖሩ አንዲት አሮጊት እሺ አሏት። መዝገቡ ማኅተም ሲያርፍበት ከሁለቱ ዓመት የቀረው አሥራ አንድ ቀን ብቻ ነበር። እንዝርት ደረጃው ላይ ቆማ ማኅተሙን በጣቷ ነካችው፤ ቀለሙ ጣቷ ላይ ቀረ።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ዕለት ነጋዴው ከጠበቃው ጋር መጣ። ጠበቃው ወጣት ነው፤ የለበሰውን ኮት እንዝርት አይታ ብቻ ማን እንደተኮሰው ታውቃለች። እሷው ናት። ይህ ትንሽ አጽናናት።

ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው "ጠበቃ የለዎትም?" አሉ።

"የለኝም፣ ክብርት ዳኛ። ራሴ ነኝ።"

ጠበቃው ተነሣ። ሁለት ነገር ተናገረ። አንደኛ፣ ደንበኛው ለቦታው ሕጋዊ ካርታ አለው። ሁለተኛ፣ በሩ የተገጠመው ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ነው፤ ስለዚህ ክሱ በይርጋ ይታገዳል። ዓይን ያወጣ ውሸት! ነጋዴው ጣራ ጣራውን ያያል።

"ምን ይላሉ?" አሉ ዳኛዋ።

እንዝርት መናገር ጀመረች፤ መናገር ስትጀምር ደግሞ እግሯ አብሮ ጀመረ። ወደ ግራ ሁለት ርምጃ፣ ወደ ቀኝ ሁለት ርምጃ።

"እመቤት፣ አንድ ቦታ ይቁሙ" አሉ ዳኛዋ፤ የጸሐፊዋ ከንፈር ፈገግ አለ።

ጠረጴዛውን ጨብጣ ቆመች። "ክሴ የባለቤትነት አይደለም። ቦታው የማን ነው አላልኩም። ስንገለገልበት የኖርነው ተዘጋብን ነው ያልኩት። በሩም የተገጠመው አባቴ እግራቸው ተቆርጦ ከሆስፒታል ከተመለሱ በኋላ ነው። ሆስፒታሉ የወጡበትን ቀን በጽሑፍ እንዲገልጽ ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ይስጥልኝ።"

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ከገጹ ላይ በቃል አጥንታዋለች። እንዲህ ብሎ መጠየቅ እንደሚቻል ከሳምንት በፊት አታውቅም ነበር። ዳኛዋ ጥቂት አዩአትና ትእዛዙን ሰጡ። ምስክር ለመስማትም ቀጠሩ።

በሁለቱ ቀጠሮዎች መሃል የነበረው ወር እንዝርትን ጨረሳት። ሆስፒታሉ "መዝገቡ አልተገኘም፤ ሐሙስ ነይ" ይላታል፤ ሐሙስ "ኃላፊው የሉም" ይላታል። ከሥራዋ ፈቃድ እየለመነች ትሮጣለች። ደብዳቤው የተገኘው ለቀጠሮው ሁለት ቀን ሲቀር ነው።

በቀጠሮው ዕለት አሮጊቷ በእርጋታ መሰከሩ፤ መተላለፊያዋ ለሁሉም ክፍት እንደነበረች፣ የተዘጋችበትን ቀን ግን እንደማያስታውሱ ተናገሩ። ቀጥሎ ጠበቃው የራሱን ምስክር አቀረበ። በሩን የገጠመው በያጅ ራሱ ነው። አጭር፣ ጣቶቹ የተቃጠሉ፣ ሰው ፊት መቆም የከበደው ሰው።

"መቼ ነው በሩን የገጠምከው?" አለው ጠበቃው።

በያጁ ነጋዴውን አየት አደረገ። "ሁለት ዓመት ተኩል... ከዚያም በላይ ይሆናል።"

ዳኛዋ ወደ እንዝርት ዞሩ። "መስቀለኛ ጥያቄ አለዎት?"

ገጹ ስለዚህም ይናገራል። ምስክርን አይጨቃጨቁ፤ መልሱን የማያውቁትን ጥያቄ አይጠይቁ ይላል። እንዝርት ግን መልሱን የምታውቀው አንድ ጥያቄ ነበራት። በሩ በተበየደ ዕለት ማታ እራት ላይ አባቷ የነገሯት ነገር ነው። ጠረጴዛውን አጥብቃ ያዘች።

"ወንድሜ፣ በሩን ስትበይድ አባቴ አነጋግረውህ ነበር?"

ጠበቃው ቀና አለ። በያጁ ግን ጥያቄው ቀላል ስለሆነለት ፊቱ ተፈታ። "አዎ፣ አነጋግረውኛል። ጥሩ ሰው ናቸው። 'ልጄ፣ ብልጭታው ዓይንህን ያጠፋዋል፤ መነጽር አድርግ' ብለውኛል።"

"ሲያነጋግሩህ ቆመው ነበር?"

"ኧረ የት ይቆማሉ! ዊልቸር ላይ ናቸው እንጂ። እግራቸው እንደተጠቀለለ ነበር፤ እኔም አዝኜ..."

እዚህ ላይ ቆመ። ሰውየው ውሸታም አልነበረም፤ ለአንድ ቃል ተለምኖ የመጣ ሰው ነው። ዳኛዋ የሆስፒታሉን ደብዳቤ አንሥተው ቀኑን አነበቡ፤ በጣታቸው ቆጠሩ። ጠበቃው ወረቀቱን አስተካከለ፤ የሚስተካከል ነገር ግን አልነበረውም። በሞኝ ክንድ የዘንዶ ጉድጓድ ሊለኩ መጥተው ክንዱ የራሳቸው ሆኖ ተገኘ።

ፍርዱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተነበበ። ነጋዴው የብረት በሩን በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንዲያነሣና መተላለፊያዋን እንዲከፍት ታዘዘ። እንዝርት ግን ቀና ብላ "ክብርት ዳኛ፣ መስኮቱ ላይ የተከመረው ቆርቆሮስ?" አለች።

"በአቤቱታዎ የዳኝነት ጥያቄ ላይ አልጠቀሱትም" አሉ ዳኛዋ፤ ድምፃቸው አልጠነከረም። "ያልተጠየቀ ዳኝነት አይሰጥም።"

ዘጠኙ ገጽ ላይ ነበር። አንድ ገጽ ተኩል ሲያደርጉት እሷና አባቷ "ይኼም ውጪ" ብለው በእስክሪብቶ የሰረዙት መስመር ነው። ጠበቃ ቢኖራት አንድ ቃል አያመልጠውም ነበር። አሸንፋ ስትወጣ ደስታዋ ሙሉ አልሆነላትም። የአባቷ ክፍል ዛሬም በቀን መብራት ይበራበታል።

አሥራ አራት ቀን በሩ አልተነካም። እንዝርት ደግሞ የይግባኝ ጊዜና የአፈጻጸም ክስ የሚለውን ምዕራፍ ማንበብ ጀምራለች፤ በየጧቱ በኋላ በር ብቅ ብላ ታያለች፣ ትመለሳለች፣ ደግሞ ትወጣለች። በአሥራ አምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ያው በያጅ መጣ። ብረቱን በመጋዝ ቆረጠ። ዓይኑ ላይ መነጽር አድርጓል።

አባትየው እሷን አልጠበቁም። ከሥራ ስትመለስ ቤቱ ባዶ ነው። በመተላለፊያዋ ሮጣ ወጣች። ታችኛው መንገድ ዳር፣ አውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ፣ ቆመው ከሚጠብቁት ሰዎች ጋር ስለ ሾፌሮች አነዳድ ሲከራከሩ አገኘቻቸው። "ያኛው መታጠፊያውን አበላሸው፤ አየሽ?" አሏት፤ ከየት እንደመጣች እንኳ አልጠየቋትም።

ከዚያ ወዲህ ወር ያህል ነገሩ ሁሉ የተረጋጋ መስሎ ነበር። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የቆርቆሮ ነጋዴው ሚስት ልብስ ማጠቢያ ቤቱ መጣች። ኮት ይዛለች፤ ኮቱ ግን ንጹሕ ነው። እንዝርት ካውያዋን አቆመች። ሴትየዋ ወደ ኋላዋ ዞራ በሩን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ያ የምታነቢው ነገር..." አለች። "ስለ ፍቺም አለው?"

አጣጣፊዋ እጇ ላይ ያለውን አንሶላ ሳታጥፍ ቆማ ቀረች።

"አለው" አለች እንዝርት። "እኔ ግን ጠበቃ አይደለሁም፤ እኔን አትስሚ። ንብረትና ልጆች ካሉ መጀመሪያ ነጻ የሕግ ምክር የሚሰጡት ቢሮ ሂጂ። አድራሻው ገጹ ላይ አለ። ሄደሽ የምትጠይቂውን ግን አንብበሽ ሂጂ። ከምትፈልጊው ውስጥ አንዲቷንም አትሰርዢ፤ ስሜትሽን ሰርዢ፣ ጥያቄሽን ግን አትሰርዢ።"

ሴትየዋ ስልኳን አወጣች። እንዝርት ተቀብላ የገጹን ስም ጻፈችላት። ሴትየዋ ኮቷን ሳትሰጥ ይዛ ወጣች።

እንዝርት እስከ መውጫ ሰዓት ድረስ በመስኮትና በካውያው ጠረጴዛ መሃል ስትመላለስ ዋለች። ነጋዴው ይህን ቢሰማ ምን ያደርጋል? ክፉ ሠራሁ ወይስ ደግ? ቁልፍ ለምና ዓመት ሙሉ "እናያለን" የተባለችው እሷ ናት፤ ያቺ ሴት በዚያ ቤት ውስጥ ስንት "እናያለን" እንደሰማች ማን ያውቃል? አጣጣፊዋ "እባክሽ ተረጋጊ፤ እኔን አዞርሽኝ" አለቻት።

"እሺ" አለችና አንድ ሸሚዝ አንሥታ ዘረጋች፤ ከአንገትጌው ጀመረች።